በየእሁዱ የሚወርደው ካምቢዮ

ባለፈው ወር አንድ ወጣት አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጣ። ከከተማው ወጣ ብላ ጫኖ ያለችው የጴንጤ ቤተ ክርስቲያናቸው የምሥረታ በዓል ልታከብር ነውና የደርግን ዘመን ታሪክ ከሽማግሌዎች እየሰበሰበ ነው። ትሑት ልጅ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፤ ያቀረብኩለትን ማንጎ ቀስ ብሎ ልጦ በላ፤ እጁን ታጠበና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ የካምቢዮውን ታሪክ ከእርስዎ አፍ ልስማ ብዬ ነው» አለኝ። ገና አፌን ሳልከፍት ፈገግታው ቀድሞ ነበር።

አልፈርድበትም። ያ ታሪክ እነሱ ዘንድ የሚነገረው እየተሳቀ ነው። አማኞቹ እንዴት አብዮት ጠባቂውን እንደሸወዱ፣ አንድ የኦርቶዶክስ ልጅ የሆነ መካኒክ፣ እኔ ማለት ነው፣ በየእሁዱ የመኪና ካምቢዮ እያወረደ እንዴት እንዳስጸለያቸው ይወራል። ሲወራ ሰምቼ አብሬ ስቄ አውቃለሁ። ካልሳቅኩ ለምን እንደማልስቅ መናገር ሊኖርብኝ ነው። በዚያ ካምቢዮ የተነሣ አንዲት ሴት መሞቷን፣ የሞተችውም በእኔ አፍና በእኔ እጅ መሆኑን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ደፍሬ አልተናገርኩም። ለልጁም የሚያውቀውን ግማሹን ነገርኩትና ሸኘሁት። ሌላው ግማሽ ይኸውና።

በሰባዎቹ አጋማሽ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከጎጃም በሥራ ተዛውሮ አርባ ምንጭ የቀረ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ እኔ ግን ወረቀት አልሆነልኝም። አንድ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ውስጥ ገብቼ ከሽማግሌ መካኒኮች እግር ሥር ተማርኩ። እጄ ጥሩ ነበር። ይኼን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው እጄ ጥሩ ስለነበረና ጥሩ መሆኑን አብዝቼ ስለማውቅ ነው። ሞተር ሲጮህ ቆሜ ሰምቼ በሽታውን እናገር ነበር። ትክክል ስሆን ደግሞ ዙሪያዬን አይ ነበር፤ ማን ሰማኝ ብዬ።

ለሥራው እንዲቀርበኝ ጫኖ ላይ ቤት ተከራየሁ። አከራዬ ጋሽ አንጁሎ ይባላሉ። ሙዝና ማንጎ አምራች ናቸው፤ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረቻቸው፤ በሳምንት ሁለቴ የማኅበሩን ሙዝ ጭነው ከተማ ያደርሱባታል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲናገሩ እጃቸውን የማያነሡ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው አስቴር ከእሳቸው በብዙ ታንሳለች፤ ከሠላሳ ብዙም አታልፍም። እኔም እህቴ ስለምትመስለኝ አንቺ ነበር የምላት። ሦስት ልጆች ነበሯት፤ በዚያ ዓመት አራተኛውን አርግዛለች።

የአስቴርን ኩርኩፋ የበላ ሰው አይረሳውም። የበቆሎ ዱቄቱን በትንሽ በትንሹ ጠፍጥፋ ሃላኮ ከሚሉት የሺፈራው ቅጠል ጋር ትቀቅለዋለች፤ የሚያቃጥለውን የቃሪያ ዳጣ በጎን ታስቀምጥልኛለች። የመጀመሪያ ቀን ዳጣውን እንደ ወጥ ዝቄ በልቼ ዓይኔ ሲያለቅስ እሷ ጓዳ ገብታ ስትስቅ ሰማኋት። «እናንተ ሽሮ ካልቀረበ የበላችሁ አይመስላችሁም» ትለኝ ነበር። ከሥራ ስመለስ ደጃፍ ላይ ባየችኝ ቁጥር «በልተሃል?» ሳትል አታሳልፈኝም። እናቴ ከተማ ሆና «የጴንጤ ቤት ምግብ እንዴት ነው?» እያለች ትጎሽመኝ ነበር፤ ስወፍር እንጂ ስከሳ አላየችኝም።

ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ ነበር። በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ወንበሮቹ ተወስደው ለስብሰባ አዳራሽ ሆነዋል። ቤት ውስጥ አምስት ስድስት ሆኖ የተገኘ ሰው «ምን ትሠራላችሁ?» ይባላል፤ መልስ ካጣ ይወሰዳል። ከዚያ ሰፈር ሁለት ሰዎች ተወስደው ሦስተኛ ወራቸው ነበር፤ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። አስቴር የምትዘምረው ሙዝ ስትለይ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ነበር። ዜማውን ከትከሻዋ እንቅስቃሴ አውቀው ጀመር።

የካቲት ላይ የፒክአፕዋ ፍሪሲዮን፣ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ክፍል፣ አለቀ። ፔዳሉን ብትረግጥም ብትለቅም ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትሄድም። አዲስ ዲስክ ከብዙ ልመና በኋላ ከአዲስ አበባ መጣና እሁድ ዕለት ግቢው ውስጥ ልገጥመው ተነሣሁ። ለሥራው እንዲመች ማንጎው ሥር ሰው የሚያስቆም ጉድጓድ ቆፈርን፤ መኪናዋን በላዩ ገፍተን አቆምናት። ካምቢዮ ማለት እንግዲህ ከሞተሩ ኋላ የሚታሰር፣ ማርሾቹን የያዘ የብረት ሣጥን ነው። ከባድ ነው። ሊፍት በሌለበት አገር የሚወርደውም የሚወጣውም በሰው ደረትና ክንድ ነውና ጋሽ አንጁሎ ስድስት ጎረቤቶች ጠሩ። ሁሉም የእምነት ወንድሞቻቸው ነበሩ።

ጋሽ አንጁሎ ከመንካታችን በፊት ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ፣ ካምቢዮውን እያዩ አጭር ጸሎት አደረጉ። «አሜን» ብለው ሳይጨርሱ ባሳ በአጥር ብቅ አለ። ባሳ የአካባቢው አብዮት ጠባቂ ነው፤ ጠመንጃውን በጀርባው አንግቶ እሁድ እሁድ ግቢ ለግቢ ይዞራል። ሰባት ሰው አንድ ላይ ቆሞ አየ፤ ጉድጓዱን አየ፤ እኔን እስከ ክርኔ ዘይት ሆኜ አየኝ። «አይዟችሁ፣ በርቱ» ብሎ ሄደ።

ከሄደ በኋላ ጋሽ አንጁሎ ግንባራቸውን ጠርገው፣ «ዛሬ ይኼ ብረት ሸፈነን» አሉ።

እኔ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ። «ጋሼ፣ ከፈለጋችሁ በየእሁዱ አወርድላችኋለሁ» አልኳቸው። ቀልዴን ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ጎንበስ ብለው አዩኝና፣ «ታዴ፣ ከልብህ ነው?» አሉኝ።

ምን ልበል? ከልቤ ሆነ። ለሃይማኖታቸው ተቆርቁሬ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ብልጠቱ ደስ አለኝ። ጠመንጃ የያዘን ሰው በአሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ ማሞኘት ለሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ መገመት ይቻላል።

እንዲህ ሆኖ ስምንት እሁድ ሄደ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰዎቹ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ይመጣሉ። መጽሐፍ ቅዱሱ በእራፊ ተጠቅልሎ የመፍቻ ሣጥኔ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሥር ይቀመጣል። ካምቢዮውን አውርደን ጆንያ ላይ እናሳርፈዋለን፤ እነሱ ዙሪያውን ቁጢጥ ብለው በየተራ ያነባሉ፤ ሴቶቹ በረንዳ ላይ ሙዝ እየለዩ ያዳምጣሉ። ሲዘምሩ ድምፃቸው ውጭ እንዳይሰማ እኔ ቧንቧ በመዶሻ እመታላቸዋለሁ። እየቆየሁ ስሄድ ከዜማቸው ጋር መምታት ጀመርኩ፤ አስቴር ይኼን አይታ ወደ ግድግዳው ዞራ ትስቅ ነበር። ሲያበቃ ካምቢዮውን መልሰን እንገጥማለን፤ በሰላሳ አምስት፣ በአርባ ደቂቃ ይገባል። ፍሪሲዮኑን ስለማልነካው ቀላል ነበር።

የአስቴር ወንድም ጋልቻም ይመጣ ነበር። ኦቾሎ ላይ የሚኖር ሸማኔ ነው፤ ለጸሎቱም ለእህቱም ብሎ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ከሦስት ሰዓት በላይ ቁልቁል በእግሩ ይወርዳል። አጭር፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። አማርኛን ገበያ ላይ ስለለመደው ወንድና ሴት አይለይበትም፤ እህቱንም «እሱ» ይላታል። ካምቢዮ ሲነሣ ትልቁን ክብደት የሚይዘው እሱ ነበር።

ሚያዝያ ገባ። ዝናቡ ጀመረ፤ ጉድጓዱ ውኃ ያቁር ጀመር፤ ትንኙም በዛ። አስቴር ወሯ ገብቶ እግሯ አብጦ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ አንጁሎ፣ «ታዴ፣ እሷ እንዲህ ሆና ሳለ መኪናዋ ተፈትታ መዋሏ ደግ ነው?» አሉኝ። የፈሩትን አውቄዋለሁ፤ ሦስተኛውን ልጅ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት በዚችው መኪና ነበር ሆስፒታል የደረሰችው። በእግር ከጫኖ ሆስፒታሉ ድረስ በሽተኛ ተሸክሞ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በመኪና ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። «ጋሼ፣ ቢያስፈልግ ወዲያው አስገባዋለሁ። ስንቴ አይተውኛል?» አልኳቸው። አመኑኝ።

ያ የመጨረሻው እሁድ ከሌሊቱ ዝናብ በኋላ ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ የምታቃጥልበት ቀን ነበር። ጋልቻ እህቱ ስትወልድ የሚሆናት በእጁ የሠራው ወፍራም ጋቢና ቆጮ ተሸክሞ ወረደ። ካምቢዮውን አወረድን። ጋሽ አንጁሎ መጽሐፉን ከሣጥኑ ሊያወጡ ሲሉ ባሳ መጣ። በዚህ ጊዜ በአጥር አላለፈም። ገባ፤ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ይኼ ካምቢዮ የአብዮቱ ጠላት ሆነ እንዴ? በየሳምንቱ ይወርዳል» አለ። እየቀለደ ነበር፤ ግን አልተነሣም።

«ችግሩ ከውስጥ ነው፣ ጓድ» አልኩት።

«እስቲ አሳየኝ።»

ካምቢዮውን አገላብጬ ማርሹን ባሳየው ይበቃው ነበር። ባሳ ብረት ከብረት የሚለይ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ሰው ሲያየኝ አላስችለኝ ይላል። መኪናዋ ሥር ገብቼ ስድስቱን ብሎን ፈታሁና ፍሪሲዮኑን አወረድኩት፤ ዲስኩን በእራፊ ጠርጌ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት፤ አንድ በአንድ አስረዳሁት። ባሳ እንደ ተማሪ አዳመጠኝ። ቤት ውስጥ አስቴር ምጥ ጀምሯት እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት፤ ባሳ እስኪሄድ ብላ ጥርሷን ነክሳ ዝም ብላለች። ባሳ አምስት ሰዓት ሲሆን አመስግኖኝ ሄደ።

ከአጥሩ ብዙም ሳይርቅ፣ ሴቶቹ በጓሮ ያስገቧት የመንደሩ አዋላጅ ከቤት ወጣች። አሮጊት ናት፤ ብዙ ልጅ የተቀበለች። እጇን ከሰውነቷ አርቃ ይዛለች፤ እስከ አንጓዋ ደም ነው። «ልጁ ሳይመጣ ደሙ መጣ። ይኼ በእኔ እጅ የሚሆን አይደለም። ሐኪም ቤት ውሰዷት» አለች።

ጋልቻ ወዲያው ተነሣ። «ታዴ፣ ይኼን ተወው። አስቴርን እንሸከመው። ከኦቾሎ ስንቱን በሽተኛ አውርደናል። አሁን ከሄድን ስምንት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ነው» አለ። እውነቱን ነበር። የደገኞቹ ቃሬዛ ሲወርድ የየመንደሩ ሰው ሳይጠራ ወጥቶ ትከሻ ይቀይራል፤ ማንም አይደክምም፤ ጉዞው አይቆምም።

እኔ ግን፣ «ግማሽ ሰዓት ስጡኝ» አልኩ። «ሦስት ሰዓት በፀሐይ ከምትንገላታ ግማሽ ሰዓት ትጠብቅ። መኪናው ይሻላታል።»

ጋሽ አንጁሎ አዩኝ። «እርግጠኛ ነህ?»

«ጋሼ፣ ስንቴ አስገብቼዋለሁ?»

ሁሉም እኔን ያዩ ነበር። ጋልቻ አንዴ ወደ ቤቱ፣ አንዴ ወደ እኔ አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ስለ ሥራው ትንሽ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኩ ጥፋቴ አይታይም። የፍሪሲዮን ዲስክ መሐሉ ላይ ቀዳዳ አለው። የካምቢዮው ዘንግ በዚያ ቀዳዳ አልፎ ሞተሩ ላይ ካለች ትንሽ ቀለበት መግባት አለበት። ፍሪሲዮኑ ካልተነካ ዲስኩ እንደታሰረ በቦታው ይቆያል፤ ስምንቱን እሁድ ቀላል የሆነልኝ ለዚህ ነው። ከተፈታ ግን እንደገና ልክ መሐል ላይ መታሰር አለበት፤ ጥቂት ከሳተ ዘንጉ አይገባም። ለዚህ ብዬ የዘንጉን ቅርጽ ያስጠረብኩት እንጨት ነበረኝ። እንጨቱን ቀዳዳው ውስጥ ሰክተህ ዲስኩን ታስራለህ፤ ከዚያ እንጨቱን ታወጣለህ። እንጨቱ ክፍሌ ውስጥ፣ አልጋዬ ሥር ነበር። ከጉድጓዱ እስከ ክፍሌ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

አልሄድኩም። ጊዜ የለኝም አልኩ፤ ዓይኔን አመንኩ። ዲስኩን በዓይኔ ለክቼ ስድስቱን ብሎን አጠበቅኩ።

ጉድጓዱ ውስጥ ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ጋልቻና ጋሽ አንጁሎ ካምቢዮውን በደረታቸው ደግፈው አነሡት፤ ሌሎቹ ከኋላ ገፉ፤ እኔ ከፊት ሆኜ ዘንጉን መራሁ። ገባ፣ ገባ፣ ቆመ። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ቀረ። «ትንሽ ወደ ግራ» አልኩ። «አሁን ግፉ።» አልገባም። አወረድን፤ ዘንጉን ጠርጌ ግራሶ ቀባሁ፤ እንደገና አነሣን። ሁለት ጣት። ዲስኩ መሐሉን መሳቱን ያን ጊዜውኑ አውቄዋለሁ። ግን ያንን ማመን ማለት ሁሉን ፈትቶ ከመጀመሪያው መጀመር ነው፤ የቀረው ደግሞ ሁለት ጣት ብቻ ነው። በሁለት ጣት ተስፋ ማን ይቆርጣል?

አንደኛው ሰው መንገድ ዳር መኪና ሊያስቆም ሮጦ ነበር። እሁድ ነው፤ ቤንዚኑ በኩፖን ነው፤ አንድ የወታደር መኪና ሳይቆም አለፈ፤ ሌላ አልመጣም።

በብሎኖቹ ስቤ ላስገባው አልኩ። ረጃጅም ብሎኖች አስገብቼ አጠበቅኩ። ክፍተቱ ወደ አንድ ጣት ወረደ፤ ሁሉም በደስታ ተነፈሱ። ከዚያ አንደኛው ብሎን በእጄ ላይ ዞረ። ጥርሱ አልቆ ነበር። ስምንት ሳምንት ስንፈታው ስንገጥመው ከርመን እኛው ጨርሰነዋል። ሁለተኛውም ዞረ።

ጋሽ አንጁሎ ካምቢዮውን ታቅፈው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጸልዩ ጀመር። ማን ይሰማኛል ማለት ትተዋል። ከቤት አንዲት ሴት ወጥታ፣ «አስቴር ታዴ ጨርሷል ወይ ብላ ትጠይቃለች» አለች። በድምፅዋ ማማረር አልነበረም፤ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ስለ ሥራዬ የጠየቀችኝ ነበር የሚመስለው።

«ደርሷል በሏት» አልኩ።

ይኼን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ ለብቻዬ እንደደገምኩት አንድ እግዚአብሔር ያውቃል።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጋልቻ ካምቢዮውን ለሌላ ሰው አስይዞ ከጉድጓዱ ወጣ። አንድም ቃል አልተናገረኝም። ሙዝ ከተደገፈበት ሁለት እንጨት ነቀለ፤ ያመጣውን ጋቢ በመካከላቸው አሰረ። አስቴርን አውጥተው አስተኟት። ፊቷ ሌላ ሰው መስሎ ነበር። ስታልፍ አየችኝ፤ አልተቆጣችኝም። ካምቢዮው በአንድ ጣት ክፍተት ተንጠልጥሎ ቀረ።

በየግቢው ሰው እየወጣ ትከሻ ይሰጥ ነበር። ባሳ መንገድ ላይ አገኘን፤ አየን፤ ጠመንጃውን ለአንድ ገበሬ አሲዞ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ተቀበለ። እኔ ከኋላ እከተላለሁ። እጄ ዘይትና ግራሶ ስለሆነ ነጩን ጋቢ እንዳላቆሽሽ ብዬ ትከሻ አልሰጠሁም። አሁን ሳስበው እንዲህ ያለ ጅል ጭንቀት የት ይገኛል። ጋቢው ከሥሩ ቀልቶ ነበር።

ሀሬ ወንዝ ስንደርስ ለመሻገር አወረዷት። አዋላጇ ጎንበስ ብላ አንገቷን ዳሰሰች፤ ከዚያ እጇን አነሣችና፣ «አትቸኩሉ» አለች። ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። መጀመሪያ ተሸክመናት ብንሄድ በዚያ ሰዓት ሆስፒታሉ በር ላይ ነበረች። በር ላይ ደርሳ ትድን ነበር ወይ? አላውቅም። ሐኪም ጠይቄ አላውቅም፤ መልሱን ስለምፈራው።

ወንዙ ዳር ጋሽ አንጁሎ ተንበርክከው አንድ መዝሙር ጀመሩ። ሌሎቹ ተቀበሉ። በሙሉ ድምፃቸው፣ በአደባባይ፣ በጠራራ ፀሐይ። የምመታው ቧንቧ አልነበረም። ባሳ ቆቡን አውልቆ እስኪጨርሱ ቆመ፤ ኋላም ለማንም አልተናገረም።

ሰኞ ቀበርናት፤ ያልተወለደውን ከእሷ ጋር። ለቅሶ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አንድ ከከተማ የመጣ ካድሬ አስከትሎ መጣ። ካድሬው ተቀምጦ ጥቂት ቆየና፣ «መኪና እያለ እንዴት በቃሬዛ? ለመሆኑ ያቺ መኪና ለምንድነው ሁልጊዜ የምትፈታው?» አለ። ጋሽ አንጁሎ መሬቱን ያያሉ። ስድስቱ ሰዎች መሬቱን ያያሉ። የሁሉም ሕይወት በዚያ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ተነሣሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሥራውን በቅጡ አልችልም። ስሳሳት እፈታለሁ፣ ስሳሳት እገጥማለሁ፤ ጋሽ አንጁሎ ሳያውቁ አሠሩኝ» አልኩ። ካድሬው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እንዲህ ያለ መካኒክ ነው ሕዝብ የሚጨርሰው» ብሎ ተነሣ።

ማታውን አማኞቹ አንድ በአንድ እየመጡ አቀፉኝ። «ስለ እኛ ስምህን ሰጠህ፤ ጌታ ይባርክህ» አሉኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም። ሸፍነህልናል ይሉኛል፤ የሸፈንኩት ግን ራሴን ጭምር ነበር። ውሸቴን ሁሉም ውሸት ነው ብሎ ስላወቀው፣ በውስጡ ያለውን እውነት የሚፈልግ አልነበረም።

ማክሰኞ ዕለት እንጨቱን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁ። ፍሪሲዮኑን ፈትቼ ዲስኩን በእንጨቱ አስተካከልኩ፤ ብሎን ለወጥኩ። ሁለት ለቀስተኞች ካምቢዮውን አነሡልኝ። ያለ አንዳች ትግል ገባ። ሞተሩን ሳስነሣው ጋሽ አንጁሎ ደጃፍ ላይ ወጡና፣ «አጥፋው፣ ልጄ» አሉኝ። አጠፋሁት።

ከወር በኋላ ኦቾሎ ወጣሁ። ደገኞቹ ጎሜ የሚሉት ነገር አለ፤ የተደበቀ ጥፋት ካልተናገሩት አጥፊውንም ቤቱንም ከብቱንም ያሳምማል ይላሉ። ይኼን የነገረችኝ አስቴር ነበረች፤ የአያቶቿ እምነት እንደሆነ እየነገረችኝ። እኔ አላምንበትም ነበር፤ ግን እንቅልፍ አጥቼ፣ እህል አልዋጥ ብሎኝ ከስቼ ነበር። ጋልቻን ሽመናው ላይ አገኘሁት። ቆጮ አቀረበልኝ፤ አልበላሁም። ፊቱ ተቀምጬ ሁሉን ነገርኩት፤ ባሳ ፊት ለመታየት ብዬ ፍሪሲዮኑን መፍታቴን፣ እንጨቱን ለማምጣት ሃያ እርምጃ አለመሄዴን፣ አለመግባቱን እያወቅሁ ደርሷል ማለቴን። «እንሸከመው ብለህ ነበር። የከለከልኩህ እኔ ነኝ» አልኩት።

እንዲሰድበኝ ነበር የሄድኩት። ቢመታኝም አልጠላም ነበር። ጋልቻ መወርወሪያውን አስቀመጠ።

«ታዴ» አለኝ፣ «እኔም ደክሞኝ ነበር። ከዚህ ጋቢና ቆጮ ተሸክሜ ወርጄ እግሬ ዝሎ ነበር። ግማሽ ሰዓት ስትል ደስ አለኝ። ትንሽ ላርፍ ነው አልኩ።» ከዚያ መወርወሪያውን አንሥቶ ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ ነገር ሁለታችንም አላነሣንም። ገበያ ስንገናኝ እንሳሳማለን፤ ዓይን ለዓይን ግን ብዙ አንተያይም ነበር።

ጋልቻ ሞቷል። ጋሽ አንጁሎም ደርግ ወድቆ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ተከፍቶ፣ ጥቂት ዓመት በነጻነት ዘምረውበት አርፈዋል። ስለ ካምቢዮው ሲያወሩና ሰው ሲስቅ አብረው ፈገግ ይሉ ነበር አሉ። ምን ያህል እንደሚያውቁ ጠይቄአቸው አላውቅም።

ያ ወጣት ያን ቀን ታሪኩን ቀድቶ ሲያበቃ ደጃፍ ላይ ጫማውን እያሰረ፣ «ጋሼ፣ የጋሽ አንጁሎ ባለቤት ግን በወሊድ ነው አይደል የሞቱት?» አለኝ። እንደ ዋዛ ነው የጠየቀው፤ ዝርዝሩ እንዲሟላለት። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ስልሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው፣ ነገ ተነገ ወዲያ የሚሄድ ሰው፣ ከእንግዲህ ምን ያስፈራዋል? «አዎ፣ በወሊድ ነው» አልኩት። ምርቃቴን ተቀብሎ ሄደ።

ይኼን የጻፍኩት ለእሱ ነው። በዓላቸው በደስታ ይለፍ፤ ይሳቁበት፤ ሳቁን ዋጋ ከፍለውበታል። ካለፈ በኋላ ግን ያንብበውና መዝገቡን ያርምልኝ። አስቴር በወሊድ ብቻ አልሞተችም። እኔን አምና ስትጠብቅ ነው የሞተችው።